አሥራ ሰባት ዓመት የፈጀብኝ ዲግሪ

ጡረታ ልወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ የክሊኒኩ ጸሐፊ የምሞላው ቅጽ ሰጠችኝ። ስም፣ አድራሻ፣ የሥራ ዘመን፣ የትምህርት ደረጃ ይጠይቃል። ከትምህርት ደረጃው አጠገብ «ከመቼ እስከ መቼ» የምትል ጠባብ ቦታ አለች። ሞልቼ መለስኩላት። ልጅቷ አየት አድርጋ አንዱን ቁጥር የተሳሳትኩ ስለመሰላት እስክሪብቶውን መልሳ አቀበለችኝ። አልተሳሳትኩም አልኳት። የነርስነት ዲግሪዬን ለመያዝ አሥራ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል። ፈገግ ብላ ማኅተሟን መታችበት። ቤት ስገባ ግን ያቺ ጠባብ ቦታ ከሐሳቤ አልወጣ አለች። እዚያ ውስጥ ያልገባው ብዙ ነው። አሁን ጊዜ አለኝና ልጻፈው።

ስሜ ትርንጎ ነው። የተወለድኩት ደምቢያ ነው፤ እስከ ስድስተኛ ክፍልም እዚያው ተምሬአለሁ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1991 አውሮፕላኖቹ ከአዲስ አበባ ወደዚህ አገር ሲያመላልሱን የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄ፣ እዚህ ከገባን በኋላ ሺራ የተባለችው፣ በጀርባዬ ታዝላለች፤ ወንዱ ልጄ አቪ ገና በሆዴ ነው። እንደ ወረድን የመዝገብ ሠራተኛዋ ስሜን ጠይቃኝ ስነግራት፣ ለአፏ ስላልተመቻት ኤስቴር ብላ ጻፈችኝ። መታወቂያዬ ላይ እስከ ዛሬ ኤስቴር ነኝ።

መጀመሪያ በካራቫን ሰፈር፣ በተንቀሳቃሽ ቤቶቹ ውስጥ ቆየን፤ ኋላ ሀደራ ከተማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት አገኘን። ባለቤቴ ፈረደ ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ባለ መጋዘን ዕቃ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ገባ። እኔ በጽዳት ድርጅት በኩል አንድ የጤና ክሊኒክ ውስጥ ወለል መወልወል ጀመርኩ። የጽዳቱ አለቃ በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ በጣቱ የመስኮቱን ጠርዝ ያብስና ጣቱን ያያል። ከዚያ ሌላ ከእኔ ጋር ያወራው ነገር አልነበረም።

በክሊኒኩ አማርኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ሽማግሌዎቻችንና እናቶቻችን ለሕክምና ሲመጡ ዶክተሮቹ በራቸውን ከፍተው በኮሪደሩ ይጠሩኛል። እኔም መወልወያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ እጄን በሽርጤ ጠርጌ እገባለሁ። ለዚህ የሚከፈለኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አፍ አፌን እያየ ሲጠብቅ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አንዲት እናት ነበሩ፤ «ልቤን፣ ልቤን» እያሉ ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስቱንም ጊዜ በአምቡላንስ ሆስፒታል ተልከዋል። የልብ ምርመራቸው ደህና ነው ይባላል፤ ሕመማቸው ግን እንዳለ ነው። በአራተኛው እኔ ተጠራሁ። በእኛ አገር ሰው «ልቤን አመመኝ» ሲል ብዙ ጊዜ ከሆድ በላይ ያለውን፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር ያለውን ጉድጓድ ማለቱ ነው ብዬ ለዶክተሩ ነገርኩት። ተመረመሩ፤ ጨጓራ ሆኖ ተገኘ። ዶክተሩ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት አመሰገነኝ። ያን ዕለት ቤት ስገባ ለፈረደ ሁለት ጊዜ አወራሁለት።

ከዚያ ስድስት ወር ያህል ቆይቶ አባ መለሰ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ባለች ቁራሽ መሬት ላይ ጎመንና ቃሪያ ይተክላሉ፤ ለክሊኒኩ ሠራተኞችም በፌስታል ያመጣሉ። ያን ቀን ባለቤታቸው እማ ዘውዴ በክንዳቸው ይዘዋቸው ገቡ። «ልቤን ይዞኛል፣ ይጨመድደኛል» አሉ። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ከበሩ ውጭ ብዙ ሰው ይጠብቀዋል። ወደ እኔ ዞረ። እኔም እበሩ ላይ እንደቆምኩ፣ መወልወያዬን ከእጄ ሳላስቀምጥ፣ ጨጓራቸውን ነው የሚሉት አልኩት። ይመስለኛል እንኳ አላልኩም። ነው አልኩ።

የሆድ መድኃኒት ጽፎ ሸኛቸው። ቤታቸው ሳይደርሱ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ወደቁ።

ልባቸው ነበር። አምቡላንሱ ቶሎ ስለደረሰላቸው ነፍሳቸው ተረፈች፤ ነገር ግን ከልባቸው ሥጋ ብዙው ሞቷል ተባለ። ይህን የሰማሁት በማግሥቱ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ስወለውል ነው። ባልዲው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ያገኘችኝ የክሊኒኩ ዋና ነርስ ናት። ጌንያ ትባላለች። ከዩክሬን የመጣች፣ ወፍራም፣ ፀጉሯን አሳጥራ የምትቆረጥ ሴት ናት። አገሯ ላይ የተማረችው ትምህርት እዚህ ስላልተቆጠረላት፣ በአርባ ዓመቷ እንደገና ተቀምጣ የተፈተነች ናት። ዕብራይስጡን ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ እያደረገች ትናገረዋለች፤ ሰው ሲስቅባት አብራ ትስቃለች። አንዳንዶቹ ሠራተኞች ይፈሯት ነበር። እኔም እፈራት ነበር።

ከወለሉ አስነሥታ ክፍሏ አስገባችኝ። ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አደረገችና ተቀመጥን። አልተቆጣችኝም፤ አላጽናናችኝምም። አባ መለሰ ያሉትን ቃል በቃል፣ መጀመሪያ በአማርኛው እንድነግራት ጠየቀችኝ። እንደሰማችው በራሷ ፊደል ጻፈችው። ከዚያ ትርጉሙን ጻፈች።

«እጃቸው የት ላይ ነበር?» አለችኝ።

«አላየሁም።»

«አልቧቸው ነበር?»

«አላየሁም።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ዶክተሩም አላየም። የእሱን ጥፋት እሱ ይጠየቅበታል። አንቺ ቃሉን ታውቂያለሽ፤ ሰውየውን ግን አላየሻቸውም።»

ከሆስፒታል ሲወጡ ቤታቸው ሄድኩ። ፈረደ አብሮኝ ልሂድ ሲል እምቢ አልኩት። እማ ዘውዴ በሩን ከፍተው አዩኝና ወደ ጓዳ ገቡ፤ እስክወጣም አልተመለሱም። አባ መለሰ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። በመስኮቱ በኩል መሬታቸው ይታያል፤ ጎመኑ ውሃ ሳያገኝ ጠውልጓል። ያደረግሁትን ሁሉ ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ዶክተሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከመስኮቱ ወደ እኔ መለሱ። «ልጄ፣ አንቺ ቋንቋውን ነው የምታውቂው። በሽታውን አታውቂም። የማታውቂውን ማን ጠየቀሽ?»

በቁጣ አልነበረም ያሉት። መልስ የሚፈልጉ ይመስል ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር። ወጥቼ ጎመኑን አጠጣሁላቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በሕይወት ቆዩ፤ እኔም ከሥራ ስመለስ ያቺን መሬት አጠጣ ነበር። እማ ዘውዴ ግን በመንገድ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። አልፈረድኩባቸውም።

ትምህርት እንድጀምር ያሰበችው ጌንያ ናት። አንድ ቀን የአዋቂዎች ትምህርት ቤት ወረቀት አምጥታ፣ «ስምሽን ማን ብዬ ልሙላ? የሠራተኞች ሰሌዳው ላይ ኤስቴር የሚል አለ» አለችኝ። እኔ ነኝ፣ እውነተኛው ስሜ ግን ትርንጎ ነው አልኳት። ሦስት ጊዜ አስደግማኝ ያዘችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በክሊኒኩ ማንም ኤስቴር ብሎ አልጠራኝም፤ ተሳስቶ የጠራኝ ካለ እሷ ታርመው ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ላይ ለቆመ ሰው ነርስነት ሩቅ ነው። መጀመሪያ አሥራ ሁለተኛን መጨረስ አለ፤ እዚህ ባግሩት የሚሉት የመልቀቂያ ፈተና አለው። ቀጥሎ የረዳት ነርስ ኮርስ አለ፤ ቀጥሎ የሙሉ ነርስ፤ መጨረሻው ዲግሪው ነው። ጌንያ እነዚህን አንድ በአንድ ስትዘረዝርልኝ ፈረደ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ስንት ዓመት ነው ብሎ ጠየቃት። ስምንት ዓመት አለችው። ተሳስታለች፤ ግን ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ብትለን ኖሮ ሁለታችንም ተነሥተን እንሄድ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ፈረደ ሻዩን ሲጠጣ፣ አለቃውን ጠይቆ ቀደም ባለው ፈረቃ እንደሚገባና ከሰዓት በኋላ ልጆቹን እንደሚይዝ ነገረኝ። ወጥ መሥራት አያውቅም፤ ማካሮኒ ተማረ። ልጆቼ ዛሬም ማካሮኒ ሲያዩ «እማ የተማረችበት ምግብ» ይላሉ። ሰው ዝም አላለውም። በእኛ ሰርግና ለቅሶ ላይ፣ ሚስትህ ተማሪ ሆነች፣ አንተ ሠራተኛዋ ሆንክ የሚሉት ነበሩ። አንድ ዘመዱ ፊት ለፊት ሲለው ሰምቻለሁ። ፈረደ «አዎ፣ ማካሮኒ ልላክልህ?» አለው። ከዚያ ወዲህ ያ ሰው ደግሞ አልተናገረም።

ስጀምር ሺራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ከሰዓት በኋላ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው እንቀመጣለን። እኔ ሒሳብ ሲያስቸግረኝ እሷን እጠይቃለሁ፤ እሷ ስትሰለች እኔን ታያለች። ኋላ ሁለቱ ትንንሾች ተወለዱ፤ እነሱም እዚያው ጠረጴዛ ሥር አደጉ። አሥራ ሁለተኛን ለመጨረስ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ሒሳቡን በሦስተኛው ፈተና ነው ያለፍኩት።

ከረዳት ነርስ ኮርሱ በኋላ የሠራሁት በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። እዚያ የነበረችው አለቃ ወረቀት የምትወድ ሴት ናት፤ የቅጹ ሳጥን ሁሉ ምልክት ከተደረገበት ቀኑ መልካም ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ናቸው። መጽሐፉ፣ ተኝቶ የሚውል ሰው ቆዳው ሊቆስል ሲል ቦታው ይቀላል ይላል። ነጭ ቆዳ ነው የሚቀላው። እንደ እኛ ባለ ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም፤ ቁስሉ ሲፈነዳ ነው የሚታወቀው። እኔ የእጄን ጀርባ ማስቀመጥ ለመድኩ። ሊቆስል ያለ ቦታ ከአካባቢው ይሞቃል፤ ሲነኩትም ይጠጥራል። የአንድ ሰው ደም ማነሱንም ከፊቱ ሳይሆን ከታችኛው የዓይን ቆብ ውስጥና ከመዳፉ ነው የማየው። አለቃዬ ለዚህ ቅጹ ላይ ሳጥን የለውም አለችኝ። ከጎኑ እጽፍ ነበር።

የጌንያን ልማዶች ይዤ ነው የሄድኩት። ጌንያ ከታማሚ ጋር ቆማ አታወራም። ወንበር ከሌለ ታስመጣለች፤ ካልመጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ሰው ከመንካቷ በፊት እጇን በሙቅ ውሃ ትታጠባለች፤ ቀዝቃዛ እጅ ሰውን ያስደነግጠዋል፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ደም ሥሩ ይሸሻል ትላለች። የሕመሙን ስም ከመጠየቋ በፊት በጣቱ እንዲያሳያት ትጠይቃለች። ታማሚው ያለውን ቃል በጥቅስ ትጽፋለች፤ የራሷን አስተያየት ከሥሩ በሌላ መስመር ታደርጋለች፤ ሁለቱን አደባልቃ ጽፋ አታውቅም። እኔ የጨመርኩት አንድ ነገር ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ሲጠየቁ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው የሚሉት፤ ሦስት ጊዜ ቢጠየቁም ሦስት ጊዜ ደህና ናቸው። እውነተኛው ነገር የሚነገረው ተነሥተው በሩን ሲይዙ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ እስከ በሩ እሸኛቸዋለሁ፤ በሩ ላይም አልቸኩልም።

ሙሉ ነርስ ለመሆን ስማር በሳምንት ሦስት ቀን ከሀደራ ምዕራብ ጣቢያ በባቡር እሄድ ነበር። የማነበው ባቡር ውስጥ ነው። በሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ጠዋት ባቡሩ ተሰረዘና እንደቆምኩ ወዲያ ማዶ ስመለከት፣ አቪ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ቦርሳው እግሩ ሥር ነው። በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ መሆን ነበረበት።

በድልድዩ ተሻግሬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሊሮጥ የነበረ ይመስለኛል፤ ከዚያ ተወው። ምን ያህል ጊዜ ነው አልኩት። ከክረምቱ ጀምሮ አለኝ። አምስት ወር ማለት ነው። እኔ በአንዱ ባቡር ስሳፈር እሱ ከሌላው በኩል ይገባና ባቡር ሲያይ ይውላል። መምህሩ ወደ ደካሞቹ ክፍል አውርዶታል፤ እዚያ የሚማሩትን አምና ጨርሶታል። ለምን አልነገርከኝም ስለው በዕብራይስጥ መለሰልኝ፤ ልጆቼ ሲከፋቸው ነው በዕብራይስጥ ብቻ የሚናገሩኝ።

«ሁልጊዜ ፈተና ነበረብሽ» አለኝ።

በማግሥቱ ጌንያ ዘንድ ሄድኩ። እንድትለምነኝ፣ አትተዪው እንድትለኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ። በወንበሯ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማችኝ። «መጽሐፉ ይጠብቅሻል፤ ልጁ አይጠብቅሽም» አለች። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ድረስ በራሷ ሄዳ ቦታዬ ለሁለት ዓመት እንዲያዝልኝ አስፈረመች። እንዴት እንዳስፈረመቻቸው አልነገረችኝም።

ሁለት ዓመት አቆምኩ። ጠዋት ጠዋት አቪን ትምህርት ቤት በር ድረስ አደርሰው ነበር፤ ያፍርብኛል፣ ግን አደርሰዋለሁ። ፈረደና እኔ መምህሩን አምስት ጊዜ አነጋገርነው። በመጨረሻ የሙያ ትምህርት ቤት ገባና የኤሌክትሪክ ሥራ ያዘ። የመጀመሪያውን ዓመት ሲጨርስ ቤታችን ውስጥ ያልነካው መብራት አልነበረም። አንድ ቀን የወጥ ቤቱን መብራት ጠረጴዛው ላይ እንዲበራ አድርጎ አወረደው። ይኸው፣ አሁን ታነቢያለሽ፣ ተመለሺ አለኝ። በዚያው በመስከረም ተመለስኩ። ከክፍሉ ተማሪ ሁሉ አንጋፋዋ እኔ ነበርኩ።

ሙሉ ነርስ ከሆንኩ በኋላ ወደ ድሮው ክሊኒክ መልሰው ቀጠሩኝ። ደመወዙ ከፍ አለ፤ ከሁሉ በላይ ግን በዚያው ወለል ላይ በነጭ ጫማ መሄዱ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ጌንያ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጥታ ሴት ልጇ ዘንድ ሃይፋ ገባች። ክፍሏን ስታስረክብ ሁለቱን ወንበሮች እንዳይወስዱብሽ አለችኝ።

እማ ዘውዴም የዚያ ክሊኒክ ታካሚ ናቸው። ስኳር ነበረባቸው። ሲመጡ የሌላዋ ነርስ በር ላይ ይቀመጣሉ፤ አማርኛ ባትችልም እሷን ይመርጣሉ። የእኔ ክፍል ባዶ ቢሆንም አይገቡም። ከሦስት ዓመት በላይ እንዲህ ሆነ። እኔም አልጠራኋቸውም፤ ሳልፍ ዝቅ ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ፣ አይመልሱም።

ዲግሪው በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚማሩት። ትምህርቱን በሦስት ዓመት ጨረስኩ፤ የቀረኝ እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ያለ እንግሊዝኛ ፈተናው ዲግሪ አይሰጥም። አማርኛ ከቤት አለኝ፣ ዕብራይስጡን በሥራ ተማርኩት፤ ሦስተኛው ቋንቋ ግን በእርጅና መጣብኝ። አንዴ ወደቅሁ። ሁለተኛ ወደቅሁ። ሦስተኛው ላይ በሁለት ነጥብ ወደቅሁ። በዚያው ሰሞን ሺራ ዲግሪዋን ያዘች፤ በምረቃዋ ቀን እልል እያልኩ ውስጤ ግን ልጄ ቀደመችኝ ይል ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ሺራ ግን አወቀችው። ጋውኗን ሳታወልቅ አጠገቤ መጥታ፣ «ከነገ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የማወራሽ» አለችኝ።

አደረገችው። ለአምስት ወር በስልክም፣ በገበያም፣ በሻባት፣ በሰንበት ማዕዳችንም። ፈረደ፣ ቤቴ የፈረንጅ ቤት ሆነ እያለ ያጉረመርም ነበር። በአራተኛው አለፍኩ። መልእክቱ ስልኬ ላይ ሲመጣ ክሊኒኩ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ክንድ ይዤ ደም ሥር እፈልግ ነበር። ስልኩን አላነሣሁትም። ደሙን ቀዳሁ፣ ጥጡን አሰርኩ፣ እስከ በሩ ሸኘኋቸው፣ በሩ ላይ የሚሉትን ሰማሁ። ከዚያ አነበብኩት። ክፍሌን ዘግቼ አለቀስኩ።

በምረቃው ቀን ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ጌንያ ከሃይፋ በባቡር መጣች፤ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ስሜን ኤስቴር ብለው ሲጠሩ ከመቀመጫዋ ሆና በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጧ «ትርንጎ ናት!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ ሳቀ። ጠሪውም ስሜን እንደገና ጠራው፣ በትክክል።

በዚያው ሰሞን እማ ዘውዴ መጡ። የሌላዋ ነርስ በር ክፍት ነበር፤ እሷም ነበረች። አልፈዋት መጥተው የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እጅጌያቸውን ራሳቸው ሰበሰቡና ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። እጄን በሙቅ ውሃ ታጥቤ ግፊታቸውን ለካሁ። ስሸኛቸው በሩን ይዘው ቆሙ።

«እሱ፣ ትማራለች ብሎኝ ነበር» አሉ። «ሊሞት ሰሞን ነው ያለኝ። እኔ አላመንኩትም።»

እስኪሞቱ ድረስ የእኔ ታካሚ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመኔ ያማረ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የስኳር ታማሚዎችን ያዝኩ፤ መርፌ የሚፈሩትን፣ በጾም ቀን መድኃኒቱን ከትራስ ሥር የሚደብቁትን፣ ልጆቻቸው ፊት መታመማቸውን መናገር የማይወዱትን። ስለዚያ ዘመን የምጽፈው ጥቂት ነው፤ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ ዝርዝሩ ብዙ አይደለም።

አሁን የምጽፈው ስለ ፈረደ ነው። ፈረደ በልጅነቱ ትምህርት ቤት አልገባም። እዚህ ስንመጣ ኡልፓን፣ የዕብራይስጥ ትምህርቱ ላይ፣ ጥቂት ወር ተቀምጦ ሥራ ሲያገኝ ተወው። ፊደል ይለያል፤ ማንበብ ግን አይችልም። መጋዘን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሲሠራ ሳጥኖቹን በቀለማቸውና በሥዕላቸው ነው የሚለያቸው፤ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። የልጆቹን ደብተር ይፈርማል፣ ምን እንደሚል እኔን ይጠይቃል። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ስማር እሱ በዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ምጣድ ያጥብ ነበር።

እኔ ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር፣ እሱ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቶ ነበርና፣ ክፋር ብራንዳይስ የሚባለው ሰፈር አጠገብ ለአዛውንቶች የንባብ ክፍል መከፈቱን ከጎረቤት ሰማ። አልነገረኝም። አንድ ሰኞ የተጣጠፈ ደብተር በጃኬቱ ኪስ ይዞ ሲወጣ አየሁት። በሳምንት ሁለት ቀን ይሄዳል። የቤት ሥራውን በረንዳ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የሚሠራው። አንዴ ልርዳህ ብዬው ነበር። «አንቺ የራስሽን ጨርሰሻል፣ የእኔን ተዪልኝ» አለኝ። ተውኩለት። ዳቦ ውስጥ እንቁላል አድርጌ ጠቅልዬ በኪሱ እከትለታለሁ፤ ያን አይከለክለኝም።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ሺራ ዘንድ ውዬ ስመለስ ወጥ ቤቱ መሬት ላይ የምረግጥበት የለም። ያሉን ድስቶች ሁሉ፣ ሁለቱ ባልዲዎች፣ የልጅ ልጆቼ መታጠቢያ ሳፋ፣ የአበባ ማጠጫው ሳይቀር ውሃ ተሞልተው ተደርድረዋል። ፈረደ ሶፋው ላይ ቴሌቪዥን ያያል። ምን ሆነ ብዬ ጠየቅሁት።

«ነገ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ይቋረጣል» አለኝ፤ ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን ሳያነሣ።

ማን ነገረህ አልኩት።

«ማንም። ታች በሩ ላይ ለጥፈውታል።»

ወርጄ አየሁት። የሕንፃው ኮሚቴ የለጠፈው ነው፤ አራት መስመር ጽሑፍ፣ ሥዕልም ቀለምም የለበትም። በሦስተኛው መስመር ላይ ለእኔም የሚከብድ ቃል ነበረበት። ጎረቤቶቻችን እየገቡ እየወጡ ያልፉታል። እኔ እዚያው ቆሜ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።